የሦስት ጊታር ዘፈን በአንድ ጊታር

የጊታር ጥያቄና መልስ ዓምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ጊታር እንጫወት ነበር። አንዱ ሊድ (ለዘፋኙ በዜማ የሚመልሰው)፣ አንዱ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው)፣ እኔ ሪትም (ምቱን በኮርድ የሚይዘው)። ዘፋኛችን እህቴ ነበረች። ራሳችን የሠራነው አንድ ዘፈን አለን። ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ነው፤ መነሻው ኤ የሚባለው ድምፅ፣ ምቱ ስድስት ስምንተኛ። አሁን ሊዱ አዲስ አበባ ሥራ ገባ፤ ቤዙ እንጅባራ ተመደበ። እህቴ ደግሞ ለጥር ልታገባ ነው። በሰርጓ ቀን ያንን ዘፈን በአኮስቲክ ጊታር ብቻዬን እንድጫወትላት ጠየቀችኝ። ሙሽራ ሆና ስለማትዘፍን ዜማውም ከጊታሩ መውጣት አለበት። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብቻ ስመታ የትኛው ዘፈን እንደሆነ አይታወቅም። ዜማውን ብቻ ስመታ ባዶ ይሆንብኛል። ሁሉንም ልሞክር ስል ጣቶቼ ይጠላለፋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ለእህትህም መልካም ጋብቻ።

ጣቶችህ የሚጠላለፉት ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። የሦስት ጊታርና የአንድ ዘፋኝ፣ የአራት ሰው ሥራ ለአንድ እጅ ስለሰጠኸው ነው። ሦስቱ ጊታሮች አንዱ ላይ አይገቡም። ዘፈኑ ግን ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለብህ ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ ነው።

ይህንን የሚነግርህ ሰው ቤትህ ውስጥ አለ። እህትህ ቡና ስታፈላ ጠጋ በልና “ዘፈናችንን ያለ ግጥም አንጎራጉሪልኝ” በላት። ስልክህን ከፍተህ ቅዳት። ከዚያ ብቻህን ሆነህ ስማው። መጀመሪያ የምትሰማው የራሷን ዜማ ነው። ትንፋሽ መውሰጃው ላይ ስትደርስ ግን ዝም አትልም። ሊድ ጊታሩ የሚመልሰውን እሷው ትለዋለች። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ድምጿን ታወፍርና ቤዙን ትላለች፤ በተለይ ወደ አዝማቹ ሲገባ። ያንጎራጎረችውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍር። ያ ነው ዘፈኑ። ያላንጎራጎረችውን ያለ ምንም ጸጸት ተወው።

የአንተን ሪትም አንድም ቦታ ላይ አትሰማው ይሆናል። ቅር እንዳይልህ። ሪትም ጊታር ሰው የሚወዛወዝበት እንጂ የሚያንጎራጉረው አይደለም። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን አንድ ጥሩ ዜና ልንገርህ። ድምፅና ሊድ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ እኩል አይናገሩም። ዘፋኝ ሲዘፍን ሊዱ ያደምጣል፤ ዘፋኝ ሲያርፍ ሊዱ ይመልሳል። በ1970ዎቹ የሮሃ ባንድ የተጫወተባቸውን ካሴቶች እስቲ በዚህ ጆሮ ስማቸው። ሰላም ስዩም በሊድ ጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ምን ያህል ቦታ እንደሚተዉ ታያለህ። እኛ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ለዚህ ካሴትም አያስፈልገንም። አዝማሪው የያዛት ማሲንቆ አንዲት ክር ብቻ ናት ያላት። እሱ ግጥሙን ይላል፣ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆዋ ትቀበለዋለች። በቤቱ የተቀመጠ ሰው “ቤዝ ጎደለ” ሲል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ዜማውና የሊዱ መልስ ለአንተ ሁለት ሥራ አይደሉም። ተራ በተራ የሚመጡ፣ በአንድ እጅ የሚሠሩ አንድ መስመር ናቸው። በዚህ ብቻ ከአራቱ ሥራ አንዱ ቀለለልህ።

ቀጥሎ ቤዙ። የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። የአንተ ጊታር ወፍራሞቹ አራት ክሮችም ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ልዩነቱ የቤዙ በአንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በወፍራሙ ወይም በቀጭኑ ሲደገም) መውረዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እንጅባራ ላለው ጓደኛህ ደውልና የሚጫወተውን በቪዲዮ ይላክልህ። እሱ የያዘውን ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለውን የብረት መከፋፈያ) አንተ እዚያው ክር፣ እዚያው ፍሬት ላይ ታገኘዋለህ።

ግን ሁሉንም አትውሰድ። ስድስት ስምንተኛን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ብለህ ቁጠር። ከቤዙ የሚያስፈልግህ አንድ ላይና አራት ላይ የሚወድቀው ነው። የቀረው ማሳመሪያ ነው። እህትህ ያንጎራጎረችው የቤዝ ቦታ ብቻ ሙሉውን ይግባ፤ እዚያ ቦታ ላይ ዜማው ቆሞ ይጠብቀው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ትዝታ ማይነር ከኤ ሲነሳ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ዲ የለም። ጂ የለም። ጊታርህን አንሣና ክሮቹን ክፍት አድርገህ (በግራ እጅህ ሳትይዝ) ምታቸው። ከስድስቱ አራቱ ቅኝቱ ውስጥ አሉ፤ ስድስተኛዋ (ከሁሉ ወፍራሟ) ኢ፣ አምስተኛዋ ኤ፣ ሁለተኛዋ ቢ፣ አንደኛዋ (ከሁሉ ቀጭኗ) ኢ። መሃል ላይ ያሉት ዲና ጂ ግን ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። አውራ ጣትህ ሳታስበው ዲን ክፍት ከመታ ትዝታው ይበላሻል። ሦስት ጊታር አብሮ ሲጮህ ይህ አይሰማም። አንድ ጊታር ብቻውን ሲሆን ግን ወዲያው ይሰማል፤ የደብረ ማርቆስ ሰርገኛ ደግሞ ትዝታ በጆሮው ያደገ ነው።

ለዚህ ነው በባንዱ ውስጥ ትመታቸው የነበሩትን ኮርዶች አንድ በአንድ እንድትፈትሽ የምፈልገው። ጂ ሜጀር ውስጥ ጂም ዲም አሉ፤ ይውጣ። ዲ ማይነር መነሻው ራሱ ዲ ነው፤ እሱም ይውጣ። ሦስት አያያዝ ይበቃሃል።

የመጀመሪያው ኤ ማይነር ነው። ድምፆቹ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፤ ሁሉም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። እንደለመድከው ያዘው።

ሁለተኛው ኤፍ ነው፤ ግን ባሬውን (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ መጫኑን) ተወው። አራተኛዋን ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ሦስተኛዋን ሁለተኛ ፍሬት፣ ሁለተኛዋን አንደኛ ፍሬት ያዝ፤ አንደኛዋን ክፍት ተዋት። ኤፍ ሜጀር ሰቨን የሚባለው ነው። ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፤ አራቱም የትዝታ ድምፆች ናቸው። በአኮስቲክ ጊታር ላይ ከዚህ አያያዝ የበለጠ ለትዝታ ማይነር የሚሆን አላገኘሁም።

ሦስተኛው የኢ ቦታ ነው። እዚህ ኢ ሜጀርም ኢ ማይነርም አትምታ። ሁለቱንም የሚለያቸው ድምፅ ሦስተኛዋ ክር ላይ ነው፤ ጂም ሆነ ጂ ሻርፕ ቅኝቱ ውስጥ የለም። አምስተኛዋንና አራተኛዋን ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያዝ፣ ሦስተኛዋን ዝለላት፣ ሌሎቹን ክፍት ምታ። ኢና ቢ ብቻ ይሰማሉ። ባዶ መስሎ ከተሰማህ ታገስ። ዜማው ሲጨመርበት ይሞላል።

ዜማውን የት ላስቀምጠው ካልክ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ። ጆሮ ዜማ ብሎ የሚይዘው ላይኛውን ድምፅ ነው። የእህትህ ድምፅ ጊታር ላይ ሲፈለግ ሦስተኛዋ ክር አካባቢ ሊወድቅ ይችላል፤ እዚያ ግን ኮርዱ ተቀምጧል፤ ዜማው ይዋጣል። ስለዚህ በአንድ ኦክታቭ አንሣውና አንደኛዋና ሁለተኛዋ ክር ላይ አድርገው። ኤ አንደኛዋ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ አለልህ፣ ቢ ሰባተኛ፣ ሲ ስምንተኛ። ግራ እጅህ እዚያ ላይ ወጥቶ ሳለ ቤዙ ክፍት ኤ ወይም ክፍት ኢ ከሆነ ምንም አትቸገርም፤ መያዝ የለብህም። የሚያስቸግርህ ኤፍ ነው። ስድስተኛዋ ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ያለው ኤፍ ከአምስተኛ ፍሬት ጋር በአንድ እጅ አይደረስም። አትዘርጋ፤ ጣትህን ትጎዳለህ። አራተኛዋ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለውን ኤፍ ተጠቀም። በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል እንጂ ያው ኤፍ ነው።

አሁን ወደ ራስህ ሪትም። እንደ ድሮው ሙሉ ኮርድ ከመታህ ዜማው አይሰማም። ቤዙን በአውራ ጣት አንድ ላይና አራት ላይ ምታ። በመሃሉ ሦስት ላይ ወይም ስድስት ላይ፣ በሌባ ጣትህና በመሃል ጣትህ ሦስተኛዋንና ሁለተኛዋን ክር ቀስ ብለህ ንካቸው። እንደያዝካቸው ሁን፤ ሦስተኛዋ ክፍት እንዳትሆን። በኢ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለተኛዋ ብቻዋን ትበቃለች። ዜማው ሲናገር ይህንንም ተው። ዜማው ረጅም ድምፅ ላይ ሲያርፍ መልሰው። በቃ፤ ሰው በጉልበቱ ምት መያዝ እንዲችል ይህ በቂ ነው። ጊታሩን በመዳፍ እየደበደቡ ከበሮ ማስመሰል አሁን የተለመደ ነገር ሆኗል። ለዚህ ዘፈን አልመክርህም። ትዝታ ፋታ ይፈልጋል።

ረጅም ድምፅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ድምፅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አኮስቲክ ላይ ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። እዚህ ላይ መምህርህ ክራር ይሁን። ክራር ደርዳሪ ረጅም ድምፅ ሲፈልግ ደጋግሞ ይመታዋል፤ ወይም ከጎኑ ካለው ድምፅ ጋር እያፈራረቀ ያስጌጠዋል። አንተም ሲ ላይ ማረፍ ስትፈልግ አንዴ መትተህ፣ ቢን ነካ አድርገህ ወደ ሲ ተመለስ። ሁለተኛውን መምታት አያስፈልግህም፤ በግራ እጅህ ጣት ብቻ ይወጣል።

የዘፈናችሁ መግቢያ ላይ አንተና ሊዱ አብራችሁ የምትጫወቱት ቦታ ካለ፣ ሁለቱን ድምፅ እንዳለ ለማውጣት አትድከም። በኦክታቭ አድርገው። ሦስተኛዋ ክር ላይ የያዝከው ድምፅ አንደኛዋ ክር ላይ ሦስት ፍሬት ወደፊት ሄደህ ታገኘዋለህ። ሁለተኛ ፍሬትና አምስተኛ ፍሬት፣ ሁለቱም ኤ ናቸው። መሃል ያለችውን ሁለተኛዋን ክር በጣትህ ጫፍ አፍናት። ሁለት ጊታር እኩል የሚጫወት ይመስላል። ከቅኝቱም አያስወጣህም።

ልምምዱን በዚህ ቅደም ተከተል አድርገው። መጀመሪያ ዜማውንና መልሱን ብቻ፣ ያለ ቤዝ፣ እስኪዘፍን ድረስ። እውነት እልሃለሁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ብታጠፋ አይቆጭህም። ዜማው ብቻውን ካልዘፈነ ቤዝ አያድነውም። ከዚያ ቤዙን አንድ ላይ ብቻ ጨምር። ጣትህ ሳያስብ ሲመታው አራት ላይ ጨምር። ሪትሙ መጨረሻ ይግባ። የድሮ ቅጂያችሁ ዩቲዩብ ላይ ካለ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም 0.5 አውርደህ ስማው፤ ድምፁ አይወርድም፣ ፍጥነቱ ብቻ ነው። ስትጫወተውም ከባንዱ ትንሽ ዘግየት አድርገው።

ስለ ሰርጉ ቀን ሁለት ነገር። አዲስ ክር የምትቀይር ከሆነ ከሰርጉ ጥቂት ቀን ቀደም ብለህ ቀይር። አዲስ ክር ይለጠጣል፤ በዕለቱ ከቀየርክ እየተጫወትክ ቅኝቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ማይክ ነው። ዳስ ውስጥ አኮስቲክ ጊታር ያለ ማይክ ከሁለት ወንበር አያልፍም። ዲጄው ማይኩን የጊታሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ያደርግልሃል። እምቢ በል፤ እዚያ ድምፁ ይጎረብጣል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ፊት ለፊት፣ በአንድ ስንዝር ርቀት ይሁን። ቤዙንም ትንሽ ቀንስልኝ በለው።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነው የምኖረው፤ የጤና ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ቤቴ ውስጥ ጊታር እየመታሁ እዘፍናለሁ። በባንድ የተሠሩ ዘፈኖችን ነው የምወደው። ግን ኤ ማይነር ላይ ያለ ዘፈን ለድምፄ ከፍ ይልብኛል። ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ገዛሁ፤ እሱ ደግሞ የበለጠ ከፍ አደረገው። ደግሞስ እየዘፈንኩ ዜማውን በጊታሩም መምታት አለብኝ ወይ?

መልስ፦ እትዬ፣ ካፖ ክሩን ስለሚያሳጥር ከፍ እንጂ ዝቅ ሊያደርግልዎ አይችልም። ዝቅ ለማድረግ ቀላሉ መንገድ ስድስቱንም ክሮች በአንድ ሙሉ ድምፅ ማውረድ ነው። ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ዲ ይሆናሉ። የስልክ መቃኛ ይጠቀሙ። የለመዱትን ኤ ማይነር ሲይዙ ጂ ማይነር ይወጣል። ክሩ ትንሽ ስለሚላላ በኃይል አይምቱት፤ ይንጣጣል።

ሌላም አለ። ካፖውን ሦስተኛ ፍሬት ላይ አድርገው ኢ ማይነር ቢይዙ ያው ጂ ማይነር ይሰጥዎታል። እኔ ለሴት ድምፅ ይህኛውን እወደዋለሁ፤ ቤዙ ጎላ ይላል፣ ክሩም አይላላም።

ዜማውን በተመለከተ፣ የእኛ ሀገር ወግ ዘፋኙን መሣሪያው እንዲከተለው ነው። ክራሩም ማሲንቆውም ከድምፁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጊታር ላይ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ከሄዱ እጅዎ ቤዙን ይረሳል። የስንኙ ማለቂያ ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ድምፆች ብቻ አብረው ይምቱ። ከዚያ ትንፋሽ ሲወስዱ ሊዱ የሚለውን ይመልሱ። በተረፈ አውራ ጣትዎ ቤዙን ይያዝ፤ ዜማውን ድምፅዎ ይዞታል።

ጥያቄ፦ ከቢቸና ነው። ትዝታ ማይነርን በኤ በደንብ ለምጃለሁ። አሁን ሁለት ጊታር ያለበት አንድ የአምባሰል ዘፈን ለብቻዬ ላዘጋጅ ፈልጌ ነበር። አያያዙን እንደ አዲስ ልጀምር? አንቺ ሆዬስ?

መልስ፦ አትጀምር፤ አምባሰል እጅህ ላይ አለ። አምባሰል ከኢ ሲነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። የምታውቀውን ትዝታ ማይነር ቁጠረው፤ ያው አምስቱ ድምፆች ናቸው። የሚለየው ቤቱ ነው። ትዝታህ ኤ ላይ ያርፍ ነበር፤ አምባሰልህ ኢ ላይ ያርፋል።

ለብቻ ጊታር ይህ ትልቅ እድል ነው። ማረፊያህ ስድስተኛዋ ክር ክፍቷ ሆነች ማለት ነው፤ ከጊታሩ ሁሉ ወፍራሙ ድምፅ። ከላይ ለደብረ ማርቆሱ ወንድማችን የነገርኩትን የኢና የቢ አያያዝ ማረፊያ አድርገው። ኤ ማይነርን በመሃል ብቻ ጥራው። ስንኝ መዝጊያ ላይ ካስገባኸው ሰሚው ሳታስበው ትዝታ ነው ብሎ ይይዘዋል። ኤፍ ወደ ኢ ሲወርድ አትቸኩል፤ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ያቺ ግማሽ ድምፅ ናት። ከሁለቱ ጊታሮች አንዱ ያንን መውረድ የሚጫወት ከሆነ የምታስቀረው እሱን ነው።

አንቺ ሆዬ ግን ሌላ ነው። ከኢ ሲነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ይሆናል። ከሜጀርና ከማይነር ኮርዶች ሙሉ በሙሉ የሚገቡበት ኤ ሜጀርና ቢ ፍላት ማይነር ብቻ ናቸው፤ ኤ ሜጀር ጆሮን ወደ ኤ ስለሚጎትት፣ ቢ ፍላት ማይነር ደግሞ ኢ ስለሌለበት ማረፊያ አይሆኑም። ስለዚህ ኮርድ አትፈልግለት። ክፍት ኢን በአውራ ጣትህ ከስር እያስጮህክ ዜማውን ከላይ በኦክታቭ ተጫወተው። ሁለተኛዋ ክር ቢ ስለሆነች ክፍቷን እንዳትነካት፤ ቢ ፍላት ከፈለግክ ሦስተኛዋ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ታገኘዋለህ።